ሸክም የለመደ ትከሻ

አትክልት ተራ ፒያሳ በነበረበት ዘመን ሌሊቱ የሚነጋው በአይሱዙ ሞተር ድምፅ ነበር። ከመቂና ከባቱ ቲማቲምና ሽንኩርት ጭነው የገቡት መኪኖች ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ፤ የእንጨት ሣጥኑ ከመኪናው ወደ ተሸካሚው ትከሻ፣ ከትከሻው ወደ ነጋዴዋ መደብ ይወርዳል። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ኋላም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄደ። ከዚያ ገበያ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው ሽታውም ጭቃውም አይደለም፤ ትከሻው ነው። አንዱ ጆንያውን በግራው ብቻ ይሸከማል፣ ሌላው በቀኙ። አንዷ ልጇን በአንቀልባ አዝላ ከፊቷ ቅርጫት ታቅፋለች። የዓመታት ሸክም አንዱን ትከሻቸውን ከሌላው ዝቅ ያደረገባቸውን ሰዎች ከሩቅ መለየት ይቻል ነበር።

ስለ ደም ሥር ልጽፍ ተነሥቼ ከትከሻ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በካንሰር ታሞ ለወራት ኬሞ ለሚወስድ ሰው ከቆዳ ሥር የሚቀበር፣ ፖርት የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ። መሣሪያው በየትኛው ሥር በኩል ይግባ የሚለው ጥያቄ በሐኪሞች ዘንድ ብዙ የተጻፈበት ነው። በሚጻፈው ውስጥ ግን ታማሚው ሁልጊዜ በጀርባው የተኛ ሰው ነው። ከአልጋው ወርዶ ሣጥን ሲያነሣ፣ ልጅ ሲያዝል፣ ሲሰግድ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። እኔ የሥሩን ምርጫ ከዚያ ከተነሣው ሰው ጀምሬ ማየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ፖርቱ የሚተከለው ለአንድ ሰዓት ያህል ሲሆን፣ ከሰውየው ጋር የሚኖረው ግን ወራትና ዓመታት ነው።

ፖርት ከታይታኒየም ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ፣ ስፋቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ትንሽ ዕቃ ነው። ክዳኑ ወፍራም ሲሊኮን ነው። ከጎኑ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ በአንድ ደም መልስ ውስጥ ገብቶ ይጓዝና ጫፉ የልብ ደጃፍ ላይ ያርፋል። ሁሉም ከቆዳ በታች ስለሆነ ከውጭ የሚታየው ትንሽ ጉብታ ብቻ ነው። መድኃኒት በሚሰጥበት ቀን ነርሷ ቆዳውንና ሲሊኮኑን አልፎ በሚገባ መርፌ ትወጋለች፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ መርፌው ይነቀላል፤ ታማሚውም ነጠላ ፋሻ አድርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መርፌው ተራ መርፌ አይደለም። ሁበር ይባላል፤ ጫፉ ጠመም ተደርጎ ስለተሠራ ሲሊኮኑን ገልጦ ያልፋል እንጂ ቆርሶ አያወጣውም። አንድ ክዳን ከሺህ ጊዜ በላይ መወጋትን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ሙሉ በሙሉ የሚቀበር መሣሪያ ለካንሰር ሕክምና መዋሉን ጆን ኒደርሁበርና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ የዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1982 ነበር።

ለምን እስከ ልብ ደጃፍ ድረስ? መልሱ የደሙ ብዛት ነው። በእጅ ጀርባ ላይ ያለች ሥር በደቂቃ የምታሳልፈው ደም ጥቂት አሥር ሚሊ ሊትር ነው። ከራስ፣ ከአንገትና ከሁለቱ ክንዶች የሚመጣውን ደም ሰብስቦ ወደ ልብ የሚያፈሰው የላይኛው ታላቁ ደም መልስ ግን በደቂቃ ሁለት ሊትር ገደማ ያሳልፋል። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ቀዩ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን፣ ከሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋን ያበሰብሳል፤ ለልጆች የደም ካንሰር የሚሰጠው ቪንክሪስቲንም እንደዚያው። ሳይፈስ ቢቀር እንኳ በትንሽ ሥር ውስጥ መድኃኒቱ ብዙም ሳይበረዝ የሥሩን ግድግዳ እየለበለበ ያልፋል። ከጥቂት ዙር በኋላ ታማሚዎች «ሥሬ ደረቀ» የሚሉት ይህን ነው። ሥሩ ይጠነክራል፣ እንደ ሲባጎ ከጣት ሥር ይሸሻል። ነርሷ እጁን ትደባብሳለች፣ ትወጋለች፣ ትነቅላለች፣ እንደገና ትወጋለች፤ በመጨረሻም ሁለቱም የሚፈሩት ቃል ይመጣል፦ ሥር ጠፋ። ልብ ደጃፍ ላይ ግን ያው መድኃኒት በአፍታ በብዙ ደም ተበርዞ ያልፋል።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመቱ ከ77 ሺህ በላይ ሰዎች አዲስ በካንሰር ተይዘዋል። ከሴቶች ካንሰር የጡት ካንሰር ቀዳሚው፣ የማኅፀን በር ካንሰር ተከታዩ ነው። እነዚህን ሁለት በሽታዎች ልብ ይሏል፤ የሥር ምርጫውን የሚያጠብቡት እነሱ ናቸው። በአገራችን አብዛኛው ኬሞ እስከ ዛሬ የሚሰጠው በእጅ ሥር፣ በካኑላ ነው። ፖርት ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ከእነዚህም መካከል ለሕክምና ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ ሄደው ተተክሎላቸው የተመለሱ አሉ። እንዲህ የተመለሰ ሰው በየጊዜው ፖርቱን የሚያጥብለት እጅና ሁበር መርፌ መፈለጉ አይቀርም፤ አልፎ አልፎ ካልታጠበ ቱቦው ውስጥ ደም ረግቶ ይደፍነዋልና።

አሁን አንዲት ሴት በዓይነ ኅሊናችን እናቁም። ያየኋት የተወሰነች ሴት አይደለችም፤ ግን እንደ እሷ ያሉትን ገበያው ያውቃቸዋል። ዕድሜዋ አርባ አምስት፣ ቲማቲም ነጋዴ፣ ልጆቿን በመደቡ ያሳደገች። ካንሰሩ በቀኝ ጡቷ ነው፤ ዘግይታ ስለመጣች ኬሞው ከቀዶ ሕክምናው ይቀድማል። ከዚያ ጡቷና የቀኝ ብብቷ ንፍፊቶች ይወጣሉ፣ ከዚያ ጨረር ይከተላል። ሐኪሟ ፖርት ሊተክልላት ወስኗል። በየት በኩል?

ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥቶ እስከ ለገሃር ቁልቁል ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ቸርችል ጎዳና የሚያውቅ ሰው የቀኝ አንገትን ደም መልስ ለመረዳት አይቸገርም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ የነበረው፣ ያለው በዚሁ ጎዳና ላይ ነው። የቀኝ አንገት ሥርም እንዲሁ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ ከአንገት ተነሥቶ ያለ መታጠፊያ ወደ ልብ ቀኝ ክፍል ይወርዳል። በአዋቂ ሰው ከመግቢያው እስከ ልብ ደጃፍ 15 ወይም 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከቆዳው ብዙም ስለማይርቅ በአልትራሳውንድ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በስህተት ጎረቤቱ ያለው ደም ቅዳ ቢወጋ በጣት ተጭኖ ደሙን ማቆም ይቻላል። ብዙ ሐኪሞች ሌላ ከልካይ ነገር ከሌለ መጀመሪያ የሚመርጡት ይህን ነው፤ በትክክልም ነው።

የግራው መንገድ ግን ጥምዝ አለው። ከግራ አንገት የሚወርደው ደም ከደረት አጥንት ጀርባ ወደ ቀኝ ተሻግሮ፣ ታላቁን ደም መልስ ሲያገኝ እንደገና ወደ ታች ይታጠፋል። መንገዱ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ቱቦው ትንሽ ካጠረ ጫፉ በማጠፊያው ላይ የሥሩን ግድግዳ ፊት ለፊት ይገጫል፤ ልብ በመታ ቁጥር ያው ቦታ ይፈገፈጋል፤ ደም ይረጋበታል፣ መድኃኒቱም ግድግዳውን ይጎዳል። በዚያ ላይ ከአንጀት ቅባት የያዘውን ፈሳሽ የሚያመጣው ዋናው የሊምፍ ቱቦ ደሙን የሚቀላቀለው በግራ አንገት ግርጌ ስለሆነ መርፌ ሊነካው ይችላል። ስለዚህ ግራው የተከለከለ ባይሆንም ሲመረጥ ቱቦው በደንብ ወርዶ ጫፉ ከሥሩ ጋር ቀጥ ብሎ መተኛቱን ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

ሴትዮዋ ዘንድ እንመለስ። ቀጥተኛው መንገድ በቀኝ ነው፤ በሽታዋም በቀኝ ነው። ፖርቱ በቀኝ ደረቷ ከተቀበረ ቀዶ ሐኪሙ ቢላዋ ከሚያሳርፍበት፣ ጨረሩም ከሚወርድበት ቦታ መሐል ይቀመጣል። የብብቷ ንፍፊቶች ከወጡ በኋላ ቀኝ ክንዷ ለማበጥና ለኢንፌክሽን የተጋለጠ ስለሚሆን በዚያ በኩል ሌላ ባዕድ ነገር መጨመር አይወደድም። ስለዚህ ወደ ግራ እንሄዳለን። ግን ማንም ያልጠየቃት ነገር አለ። ቀኝ እጇ ከታከመ በኋላ ከባድ ነገር እንዳታነሣበት ትመከራለች። መደቡ ግን አይጠብቃትም። ሣጥኑን ወደ የትኛው ትከሻ እንደምታዞረው መገመት አያስቸግርም፤ ወደ ግራ፣ ልክ ፖርቱ ወዳለበት።

የእኔ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ከትከሻ ጫፍ እስከ ደረት መሐል የተጋደመ አጥንት አለ፤ ለዚህ ጽሑፍ የአንገትጌ አጥንት ልበለው። ከክንድ የሚመጣው ትልቅ ደም መልስ በዚህ አጥንትና በመጀመሪያው የጎድን አጥንት መካከል ሾልኮ ያልፋል። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ሮበር ኦባኒያክ ይህን ሥር ከአጥንቱ ሥር በመርፌ መውጋት እንደሚቻል ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት በዓለም ዙሪያ ሐኪሞች የተማሩት መንገድ ይህ ሆነ። የአጥንቱን ቦታ በጣት ለይቶ ያለ ምንም ማሽን መሥራት መቻሉ ለድኻ አገር ሆስፒታል ትልቅ ነገር ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል። የሳንባ ጫፍ ከሥሩ ብዙ አይርቅም፤ በጣት ልኬት ብቻ ሲወጋ ከመቶ ሰዎች ከአንድ እስከ ሦስት በሚሆኑት መርፌው ሳንባ ነክቶ አየር ወደ ደረት ይገባል። ደም ቅዳው ከተነካ ደግሞ አጥንት ስለሚከልለው ተጭኖ ማቆም አይቻልም።

ሳንባ መበሳት የዚያው ቀን አደጋ ነው፤ ይታያል፣ ይታከማል። እኔን የሚያሳስበኝ ዘግይቶ የሚመጣው ነው። ቱቦው በሁለቱ አጥንቶች መካከል በጠባቡ ቦታ ካለፈ ክንድ በተነሣ፣ ትከሻ በተጫነ ቁጥር እንደ መቀስ ይነክሱታል። መጀመሪያ መድኃኒቱ አልሄድ ይላል፤ ታማሚዋ ክንዷን ወደ ላይ ስታነሣ ይለቅቃል፣ ስታወርድ ይይዛል። ይህ ምልክት ሲታይ ቸል ማለት አይገባም። ቱቦው ለወራት ሲነከስ ይሰነጠቃል፤ ከዚያም ሊበጠስና ቁራጩ በደም ተገፍቶ ወደ ልብ ወይም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ይህ የሚደርሰው ከመቶ በአንድ ወይም ከዚያ ባነሱ ሰዎች ላይ ነው ይባላል። በየቀኑ ሃምሳ ጊዜ ሣጥን ወደ ትከሻው የሚያወጣ ሰው ግን ከሌላው ሰው እኩል ዕድል አለው ብዬ ለመቀበል ይከብደኛል። የአንገትጌ አጥንቱን የሚያንቀሳቅሰው ሸክም ነውና።

መውጫ አለ። ያው ሥር ወደ ጠባቡ ቦታ ከመግባቱ በፊት፣ ከአጥንቱ በታች ወደ ክንድ በኩል፣ የብብት ደም መልስ ተብሎ ይጠራል። በአልትራሳውንድ እየታየ ከውጭ በኩል እዚያ ላይ ከተወጋ ቱቦው በጠባቡ ቦታ ሲያልፍ ከሥሩ ጋር፣ በሥሩ ሆድ ውስጥ ሆኖ ያልፋል፤ አጥንትና ጅማት በቀጥታ አይነክሱትም። መርፌው የት እንዳለ በዓይን ስለሚታይም ሳንባ የመበሳቱ ነገር በጣም ይቀንሳል። አልትራሳውንድ ለእኛ እንግዳ ዕቃ አይደለም፤ ነፍሰ ጡር የሚያዩ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ያውቁታል። የጎደለው ሥርን የሚያሳየው ጠፍጣፋ መፈተሻና እሱን ይዞ የሠለጠነ እጅ ነው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ለአንገት ሥር አልትራሳውንድ እንዲመረጥ ያሳሰበው ገና እ.ኤ.አ. በ2002 ነበር።

ሌላው መንገድ ከሁሉ የቆየውና መርፌ የማይፈልገው ነው። በትከሻና በደረት ጡንቻ መካከል ባለችው ስርጉድ ውስጥ ከክንድ የምትወጣ ቀጭን ሥር ትገኛለች፤ ቀዶ ሐኪሙ ቆዳውን ከፍቶ በዓይኑ እያየ ቱቦውን በእሷ ውስጥ ይሰዳል። ሳንባ የሚነካበት ምክንያት የለም። ሥሯ አንዳንዴ በጣም ቀጭን ሆና ወይም ጭራሽ ጠፍታ ወደ ሌላ መንገድ መሄድ ግድ ይሆናል። ውድ ማሽን በሌለበት፣ ጥሩ ቀዶ ሐኪም ግን ባለበት ሆስፒታል ይህ መንገድ መናቅ የለበትም ባይ ነኝ።

ከሦስቱ የቱ ይሻላል? ሚላን በሚገኘው የአውሮፓ ካንሰር ተቋም ሮቤርቶ ቢፊና ባልደረቦቹ 403 ታማሚዎችን በዕጣ ከፍለው በአንገት ሥር፣ በአልትራሳውንድ በአንገትጌ አጥንት ሥር፣ እንዲሁም በትከሻ ስርጉድ ቀዶ አነጻጽረው ነበር። ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ፤ በቅርብም ሆነ በዘገዩ ችግሮች ሦስቱ መንገዶች ጉልህ ልዩነት አላሳዩም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ ከ3 ሺህ በላይ ቱቦዎችን ተከታትሎ በአንገትጌ አጥንት ሥር የገቡት ከአንገትና ከብሽሽት ይልቅ ኢንፌክሽንና የደም መርጋት አነስተኛ፣ ሳንባ መበሳት ግን የበዛ መሆኑን አሳየ። ይህኛው ጥናት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለጥቂት ቀናት ስለሚገቡ፣ ከቆዳ ውጭ ስለሚንጠለጠሉ ቱቦዎች ነውና ለሚቀበር ፖርት በቀጥታ አይሠራም፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው። ከሚላኑ ጥናት የምወስደው ይህን ነው፦ እጁ የሠለጠነ ሰው በሦስቱም መንገድ በሰላም ያስገባል፤ ስለዚህ ምርጫውን የሚወስነው ታማሚው መሆን ይችላል። የሠለጠነ እጅ ብዙ አማራጭ ይሰጣል፤ ያልሠለጠነ እጅ ግን የሚያውቃትን አንዲት መንገድ በሁሉም ሰው ላይ ይሄድባታል።

ስለ ኩላሊት ደግሞ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የማኅፀን በር ካንሰር ሲገፋ ከኩላሊት ሽንት የሚያወርዱትን ቱቦዎች ተጭኖ ይዘጋል፤ ለዚሁ ካንሰር የሚሰጠው ሲስፕላቲንም ኩላሊትን ይጎዳል። ዘግይተው የሚመጡ ሴቶች በሚበዙበት አገር ዛሬ ለኬሞ ፖርት የምትፈልግ ሴት ነገ የኩላሊት እጥበት ልትፈልግ ትችላለች። ስኳርና የደም ግፊት ያለበት ሰውም እንዲሁ። ለእጥበት ከሁሉ የሚሻለው በክንድ ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ ተገናኝተው የሚሠራው ፊስቱላ ነው፤ ፊስቱላው እንዲሠራ ደግሞ ከክንድ እስከ ልብ ያለው መንገድ ክፍት መሆን አለበት። በአንገትጌ አጥንት ሥር የቆየ ቱቦ ያንን ሥር ሊያጠብበው ይችላል፤ ሥሩ የጠበበ ክንድ ላይ የተሠራ ፊስቱላ ክንዱን ያሳብጠዋል፣ አገልግሎቱም ያጥራል። ስለዚህ ኩላሊቱ አጠራጣሪ የሆነ ሰው ፖርት ሲያስፈልገው የቀኝ አንገት ሥር ይመረጣል፤ የክንድ ሥሮችና የአንገትጌ አጥንት ሥሩ ይጠበቃሉ። በላይኛው ክንድ የሚቀበሩ ትናንሽ ፖርቶችም አሉ፤ በደረት ላይ ጠባሳ ለማይሹ ሰዎች ይመቻሉ፤ ሥሩ ቀጭን ስለሆነ ግን ቱቦው ከሥሩ ስፋት ግማሹን እንኳ እንዳይሞላ ካልተለካ ደም ይረጋበታል። ኩላሊቱ ለሚያሰጋ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይመከሩም።

ደረት ውስጥ ያደገ ዕጢ ታላቁን ደም መልስ ራሱን ሲዘጋው ፊት ያብጣል፣ የአንገት ሥሮች ይገተራሉ። ያን ጊዜ ከላይ የሚወርደው መንገድ ሁሉ ዝግ ነው፤ የሚቀረው ከታች፣ ከብሽሽት ወደ ላይ የሚወጣው ነው። ሁለቱም ጡቶቿ የታመሙባት ሴትም አንዳንዴ ወደዚሁ ትደርሳለች። በብሽሽት በኩል ኢንፌክሽንና የደም መርጋት ስለሚበዛ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ፖርቱም የሚቀበረው በታፋ ወይም በታችኛው ሆድ ነው። እዚህ ላይ የሰውየው ሕይወት ራሱን ያስታውሳል። መቀነት የምትታጠቅ ሴት መቀነቷ በየት ላይ እንደሚያርፍ ሳይታይ የሆድ ቆዳ ሥር መቅበር ቁስል መጋበዝ ነው። አራዳ ጊዮርጊስ የሚሰግደውም ኑር መስጊድ የሚሰግደውም በቀን ስንት ጊዜ ከወገቡ እንደሚታጠፍ መጠየቅ ይገባል፤ ብሽሽት በታጠፈ ቁጥር ቱቦው ይታጠፋልና። አይስገድ ማለቴ አይደለም። ቱቦው ከመታጠፊያው ርቆ እንዲያልፍ አስቀድሞ ማቀድ ይቻላል ማለቴ ነው።

ሥር መምረጥ ፖርቱ የሚያርፍበትን ቦታ ከመምረጥ አይለይም፤ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። በአንገት ሥር የገባ ቱቦ ወደ ደረት ለመውረድ የአንገትጌ አጥንቱን ከቆዳ ሥር በላይ ይሻገራል። ቀጭን ሰው ላይ ይህ እንደ ገመድ ጎልቶ ይታያል፤ የአንቀልባ ማሰሪያ፣ የቦርሳ ማንገቻ፣ የማተብ ክር ያርፍበታል። መኪና የሚነዳ ሰው የደህንነት ቀበቶው በግራ ትከሻው ላይ ስለሚያልፍ ከተቻለ ፖርቱ በቀኝ ይሻለዋል፤ ጋቢና የሚቀመጠው ረዳት ግን ቀበቶው በቀኙ ነው። ከመቂ ሌሊት እየነዳ የሚገባ ሹፌር ይህን የመጠየቅ መብት አለው።

ደግሞም ፖርቱ በጠንካራ ነገር ላይ፣ በጎድን አጥንት ፊት፣ ከአንገትጌ አጥንቱ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። በጡት ለስላሳ ሥጋ ላይ ከተቀመጠ ሴትየዋ ተኝታ ሳለች ትክክል የመሰለው ነገር ስትነሣ ይለወጣል። ጡቷ ወደ ታች ሲወርድ ፖርቱን ይጎትታል፤ የቱቦው ጫፍ ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ሊያፈገፍግ ይችላል። ከልብ ደጃፍ የነበረው ጫፍ ከፍ ብሎ ግድግዳ ላይ ያርፋል። በግራ በኩል፣ በዚያ ጥምዝ መንገድ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። ለብዙ ወራት ሳትታከም ቆይታ የከሳች ሴት ላይ ደግሞ የቆዳው ውፍረት ይለካል፤ ዕቃው ሥጋ ካላለበሰው ቆዳውን ፈልፍሎ ይወጣል። በጣም ጠልቆ ከተቀበረ ግን ነርሷ በጣቷ አታገኘውም።

ወደ ቲማቲም ነጋዴዋ ስመለስ እንዲህ አስባለሁ፤ ውሳኔው የሐኪሟ ነው። ግራው ተመርጧል። የግራ አንገት ሥር ጥምዙ አለበት፤ ቱቦውም አጥንቱን ከላይ ሲሻገር ሣጥኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ይውላል። በጣት ልኬት ብቻ አጥንቱ ሥር መውጋት ደግሞ ለመቀሱ አሳልፎ መስጠት ነው። አልትራሳውንድና የለመደው ሰው ካለ የግራ ብብት ደም መልስ፣ ከሌለ በትከሻ ስርጉድ ውስጥ ያለችው ቀጭን ሥር ይሻሏታል፤ ፖርቱም ከሸክሙ ርቆ ወደ ደረቷ መሐል ቀረብ ይበል። የቱቦው ጫፍ ልብ ደጃፍ መድረሱ በራጅ ይታይ፤ ጥምዙ በሁሉም የግራ መንገድ ይጠብቃታልና።

ፖርት ማግኘት ካልቻለችስ? ይህ የብዙዎቹ ዕጣ ነው። ያኔም የሥር ምርጫ አለ። ቀኝ እጇ አይነካ። በግራ ክንዷ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት እንጂ ከክርን ጀምሮ መውረድ አይገባም፤ ከላይ የተበላሸ ሥር የታችኛውን ጭምር ያሳጣልና። ለቀዩ መድኃኒት የክርን መታጠፊያና የእጅ ጀርባ ይቅሩ፤ እዚያ ቢፈስ ጅማትና ነርቭ ነው የሚነካው፣ ሁለቱም ሣጥን የሚያነሡ ናቸው። ክንዱ በመካከሉ ሥጋ ያለው ስለሆነ ይሻላል። እጇ በሙቅ ውኃ ይሙቅ፤ ጠዋት ተጠርታ በብርድ የመጣች ሴት ሥሯ ይደበቃል። ደም ምርመራ ለመውሰድ የተወጋችበት ቦታ ላይ ኬሞ አይሰጥ፤ ቀዳዳው ሊያፈስ ይችላል። መድኃኒቱ እየገባ ሳለ ቢያቃጥላት ዝም እንዳትል አስቀድሞ ይነገራት። ገበያ ላይ ያደገች ሴት ሕመምን ዋጥ ማድረግ ለምዳለች፤ እዚህ ግን ዝምታዋ ክንዷን ያስከፍላታል።

ፖርቱን ካገኘች ግን፣ በሚተከልላት ቀን ጠዋት አንድ ሥራ ከማደንዘዣው በፊት ቢሠራ ደስ ይለኛል፤ የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ነው። ተኝታ ሳይሆን ቆማ፣ የለመደችውን ልብስ ለብሳ፣ ነጠላዋን እንደምትለብሰው ጣል አድርጋ። ከዚያ ሐኪሙ ብዕሩን ይዞ፦ «እትዬ፣ ሣጥኑን ሲያነሡ በየትኛው በኩል ነው የሚያሳርፉት? እስቲ ያሳዩኝ።» እሷም ባዶ እጇን ወደ ላይ ታነሣለች፤ ትከሻዋ ይወርዳል፣ የአንገትጌ አጥንቷ ይንቀሳቀሳል። ብዕሩ ሣጥኑ ከማያርፍበት ቦታ ላይ ምልክት ያደርጋል።